የዳንቴሌ አበባ በሰው መኪና ላይ

ቀናተኛ ነኝ። ይኸን ዛሬ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስላረጀሁ ነው እንጂ፣ ያኔ ማንም ደፍሮ ቢለኝ ፀጉሩን በነጨሁለት ነበር። በባለቤቴ እህት ቀንቻለሁ፤ የእሷ እጅ የነካው ነገር ሁሉ ያሳክከኝ ነበር። በስፌት መኪናው ቀንቻለሁ። ኳስ ሲተላለፍ ጆሮውን በሚለጥፍባት ራዲዮ እንኳ ቀንቼ የባትሪ ድንጋዩን አውጥቼ ደብቄበታለሁ። "የት ሄደ?" ሲለኝ "አይጥ ወስዶት ይሆናል" አልኩት። ባትሪ ድንጋይ የሚበላ አይጥ ልደታ ውስጥ እንደሌለ እሱም ያውቃል። ሳቀና ጎረቤት ሄዶ ሰማ።

አንድ ጊዜ ግን ቅናቴ ምላጭ አስይዞ ከቤት አስወጥቶኛል። ነገሩ የተነሳው ከአንድ ላስቲክ ነው፤ ከጠረጴዛ ላስቲክ። አትሳቁ፣ ትዳሬ በዚያች ላስቲክ የተነሳ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

አብዮቱ ከፈነዳ ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ከልደታ ማርያም ጀርባ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረን። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን፣ እግዜር ደግሞ ልጅ አልሰጠንም። የባለቤቴ እህት አንድ ቀን እኔ እየሰማሁ "ልጅ የሌላት ሚስት በምን ገመድ ታስረዋለች?" ብላለች። እየሰማሁ! ከዚያች ቀን ወዲህ የሚያልፍ የሚያገድም ቀሚስ ሁሉ ባሌን ሊወስድ የመጣ ይመስለኝ ጀመር።

በዚያ ዘመን ዳንቴል የሌለው ጠረጴዛ ራቁቱን እንደቆመ ሰው ነበር የሚታየው። የእኔን ዳንቴል የሠራሁት ስምንት ወር ሙሉ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ካድሬው ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲያስረዳ እኛ ሴቶቹ ኪሮሻችንን ከጉያችን እናወጣለን፤ "ይውደም!" ሲባል ግራ እጃችንን አንስተን፣ ተመልሰን ወደ ክራችን። አብዮቱ ለልደታ ሴቶች ምን አተረፈላችሁ ቢሉኝ ዳንቴል ነው የምለው።

ንድፉ የራሴ ነው። ከማንም አልቀዳሁትም፣ ማንንም አላስቀዳሁም፤ ሊቀዱ የመጡትን በዘዴ ሸኝቻለሁ። ሃያ አምስት አበባ፣ እያንዳንዱ ሰባት ቅጠል። የመሃሏ አበባ ብቻ ስድስት ቅጠል ናት። እሷን ስሠራ ባለቤቴ ከወንዶቹ በኩል ተቀምጦ ከሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ጋር ሲሳሳቅ አየሁና ቁጥሩ ጠፋኝ። ስህተቱን ያወቅሁት ጨርሼ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው ነው። የሰፈሩም ሴት ሁሉ አወቀ። "ስድስት ቅጠል" እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

ጠረጴዛው ከዳንቴሉ በላይ ላስቲክ ለብሷል። ዛሬ በየሱቁ እንደሚቸረቸረው ስስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ወፍራም ነው፣ እንደ መስታወት የጠራ። አጎቴ ለሠርጌ ከድሬዳዋ በባቡር ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና በዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ላስቲክ መርካቶም አልታየም። ከሰዓት በኋላ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ በቀጥታ እሱ ላይ ነበር የሚያርፈው። እኔም ከምድጃ ያወጣሁትን ድስት እሱ ላይ አሳርፋለሁ፤ አይቀልጥም፣ አይሰነጠቅም። ላዩን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ እንጂ ከዳንቴሉ ላይ አንስቼው አላውቅም።

ባለቤቴ የመኪና ወንበርና ሸራ ሰፊ ነበር። ሥራ ቤቱ ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ ነው። አዲስ መኪና እንደልብ በማይገባበት ዘመን ሰው ያለውን ማሳደስ ነበርና ሥራ አላጣም። ሲሰፋ ከስፌቱ መስመር ሌላ ነገር አያይም። ቤት ቢቃጠል ያቺን መስመር ሳይጨርስ ቀና የሚል ሰው አልነበረም።

መጋቢት ላይ ምሳውን በሳህን ቋጥሬ ስወስድለት ያቺን መኪና አየኋት። የጣሊያን ሥራ ናት፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ጣራዋ ሸራ ሆኖ ሲፈልጉ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። እንዲህ ያለ መኪና በከተማው የቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር። የምትነዳት ደግሞ ሴት! ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት የሆነች፣ ቁመናዋ ልክክ ያለ። ባለቤቴ ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኮ በሜትር ይለካል፤ እሷ ከአጠገቡ ቆማ ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ እስከ ዛሬም ያናድደኛል።

የመኪናዋ የኋላ መስኮት መስታወት አልነበረም። ጣራው ሲታጠፍ አብሮ እንዲታጠፍ ከላስቲክ የተሠራ ነው። አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፤ መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ በሀኪም ቤት ፕላስተር ተለጥፏል። "ከኋላዬ አውቶቡስ ይምጣ በቅሎ አላይም፤ ቦሎም በዚሁ ከለከሉኝ" አለችው። እሱ ደግሞ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳና "አይዞሽ፣ አገኝልሻለሁ" አላት።

አገኝልሻለሁ! ድንቄም! እኔ የጫማዬን ሶል አስጠግንልኝ ብዬ ሦስት ሳምንት ያዞረኝ ሰው! ሳህኑን ደንግጬ እንዳልጥለው በሁለት እጄ ይዤ "ምሳህ" አልኩት። "አስቀምጪው፣ እመጣለሁ" አለኝ፤ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሳም። ለእሷም "ባለቤቴ ናት" አላላትም። ምሳ አመላላሽ ሳልመስላት አልቀረሁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ቅዳሜ ብቻ ይላጭ የነበረ ሰው ረቡዕ ተላጨ። "ምነው?" ስለው "አሳከከኝ" አለ። ከሥራ ሲወጣ መርካቶ ለመርካቶ ይዞራል፤ ላስቲክ ፍለጋ። አቡጀዲ ተራ ጠየቀ፣ ምናለሽ ተራ ጠየቀ፣ አንድ ቀን እግሩ አብጦ ገባ። ውሃ አሙቄ እያጠብኩለት "ለእኔ እንዲህ ዞረህ ታውቃለህ?" አልኩት። "አንቺ ምን ጎደለብሽ?" አለኝ። ይኸው ነው መልሱ። ሆዴ ግን ያውቃል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሚያዝያ ላይ እህቴ ናዝሬት ወለደች። አራሷን ላርስ ሁለት ሳምንት ሄድኩ። እዚያ ሆኜ እንኳ አጥሚቱን እያማሰልኩ ሐሳቤ ተክለ ሃይማኖት ነበር። ስመለስ በሩን ከፍቼ የመጀመሪያ ያየሁት ጠረጴዛዬን ነው። ዳንቴሉ አለ። ላስቲኩ የለም።

"ላስቲኬስ?"

"ሻይ ፈሶበት ነበር" አለኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። "ላጥበው ስል ተሰነጠቀ፤ ጣልኩት።"

አሥራ አንድ ዓመት ድስት ያሳረፍኩበት ላስቲክ በሻይ ተሰነጠቀ! ደግሞ ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ሲኒ አጥቦ አያውቅም። ያም ሆኖ አመንኩት። የአጎቴ ነገር ትዝ ብሎኝ ትንሽ አለቀስኩ፤ ቆሻሻ የምንጥልበትንም ሄጄ በእንጨት ፈለግሁ። "ከየት አባቱ ይምጣ፣ ተይው" እያለ ይከተለኛል። እኔም ሞኟ እሱን ሳጽናና አመሸሁ።

ግንቦት ልደታ በእኛ ሰፈር ከዓመት በዓል ሁሉ ይበልጣል። የታቦቱ ንግሥ ሲያበቃ ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ይቀቅላል። ንፍሮው ቤት ውስጥ አይበላም፤ ከሜዳ ላይ፣ ከሰማዩ ሥር ነው። የወሎዋ ሙስሊም ጎረቤቴ እንኳ ሽንብራውን የምታዋጣው እሷ ነበረች፤ "ልደታን ካልበላሁ ክረምቱ አይወጣልኝም፣ ወላሂ" ትላለች። የዚያን ቀንም መንገዱ ዳር ጎላ ጥደን ሴቶቹ በአንድ በኩል ወንዶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠናል። በሰው ብዛት መንገዱ ጠቧል። ያቺ ነጭ መኪና ከልደታ ማርያም በኩል በዝግታ መጣች።

ሰዉ መንገድ እስኪለቅላት ቆመች። ጎረቤቴ ንፍሮ በቅጠል አድርጋ በመስኮት ሰጠቻት፤ ሴትየዋም አመስግና ተቀበለች። ከወንዶቹ መሃል ባለቤቴን ስታየው እጇን አወዛወዘችና "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!" አለችው። እሱ ጫማውን አየ። ወዲያው ጎማዋ ተንቀሳቀሰና አልፋን ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጠችን። ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ነበረችና ከፊት ለፊት በመኪናዋ ውስጥ አልፋ በኋላ መስኮቱ ወጣች።

መስኮቱ አበባ በአበባ ነበር።

ያንን ሁሉ ዓመት በፀሐይና በድስት እየሞቀ ዳንቴሌ ላይ ሲተኛ ላስቲኩ ከሥሩ የአበባዬን ቅርጽ አንድ በአንድ ይዞት ኖሯል። እኔም አላየሁት፣ ከሥሩ ዳንቴሉ ስላለ አይታይማ። አሁን ግን ብርሃን ሲያልፍበት ቅጠሉ፣ ዙሪያው፣ ቀለበቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጎረቤቴ ማንኪያዋን ጎላው ውስጥ ጣለችው።

"ኧረ ይኼ አበባ ያንቺ አይደለም እንዴ?" አለች። ከዚያ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። "ስድስት ቅጠል! ወላሂ፣ ስድስት ቅጠሏ ራሷ ናት!"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ባለቤቴን፤ ከዚያ እንደገና እኔን። አንዷ "ምን አለበት፣ ላስቲክ ነው" አለች፤ ሌላዋ ደግሞ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እየሳቀች ነው። ባሌ የጠረጴዛዬን ልብስ ገፎ ለሌላ ሴት አልብሷል፤ ያውም አበባዬን ከነስህተቱ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እኔን ባይንቀኝ ጠረጴዛዬን ይደፍር ነበር? ንፍሮዬን እዚያው ትቼ ተነስቼ ቤቴ ገባሁ።

ተከትሎኝ ገባ።

"ሻይ ፈሶበት ነው አይደል?" አልኩት።

"ስሚኝ..."

"ሻይ! አታፍርም? ለመንደሩ ሁሉ አበባዬን አሰጣኸው!"

"የምን አበባ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላየውም። መስመሩን ነዋ የሚያየው! ይኼ ደግሞ ይባስ ቆሽቴን አሳረረው።

"የራሱ አሮበት የሰው ያማስላል አሉ። መርካቶ አጣህና ቤትህ ገብተህ ዘረፍክ?"

"ቦሎ ከልክለዋታል። ዝናቡም ጀመረ። አንቺን ልጠይቅሽ ብል ናዝሬት ነሽ።"

"ስመለስስ?"

"ስትመለሺማ ፈራሁሽ" አለኝ።

"ትወዳታለህ?"

"አበስኩ ገበርኩ! ልጅቷ መኪና ልታሠራ ነው የመጣች!"

አላመንኩትም። ሌሊቱን ጀርባ ለጀርባ ሆነን አደርን። ሲነጋ እሱ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ስፌት የሚተረትርባትን ምላጭ አወጣሁና በወረቀት ጠቅልዬ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ። ያንን ላስቲክ ተርትሬ አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ መልሼ አነጥፈዋለሁ፤ ከዚያ ጓዜን ጠቅልዬ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ይኸው ነበር ውሳኔዬ። አንዲት ቃል ሳልናገር ወጣሁ።

ቤቷን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሜክሲኮ ደርሼ ጣራዋ የሚታጠፍ መኪና ያላት ብል አንዱ ሊስትሮ በጣቱ አሳየኝ። ግቢው ክፍት ነው። መኪናዋ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ ሰው የለም። ቀስ ብዬ ገባሁና ከኋላዋ ቆምኩ። አበቦቼ እዚያ ናቸው። በእጄ ዳሰስኳቸው። ከዚያ ስፌቱን አየሁት፤ ደርቦ ሰፍቶታል። ደርቦ! ለደንበኛ አንድ ጊዜ ነው የሚሰፋ፤ ደርቦ ሰፍቶ የማውቀው የእኔን የገበያ ቦርሳ ብቻ ነው። እርር ድብን አልኩ። ምላጩን አወጣሁና ከታች ከጥጉ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ክር በጠስኩ።

"ማንን ፈልገው ነው እትዬ?"

ዞር ስል እሷ ናት። እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ፣ ክንዷ ላይ የሽማግሌ ሰው ፒጃማ። ምላጯን በመዳፌ ውስጥ ጨበጥኩ።

"ባለ ላስቲኳ ነኝ" አልኳት። ተዘጋጅቼ የመጣሁት ስድብ ሁሉ ጠፍቶኝ ይኼ ብቻ ወጣኝ።

ልጅቷ ፒጃማውን መሬት ላይ ጣለችና ከነአረፋዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አራት ጊዜ ሳመችኝ። "እርስዎ ኖት! ወይኔ እርስዎ ኖት! አባዬ! የላስቲኳ እትዬ መጡ!"

ግራ ገባኝ። እጄን ይዛ እያስገባችኝ ትናገራለች፣ አታቋርጥም። አባቷ ግማሽ ሰውነቱ አልታዘዝ ካለው ሦስት ዓመቱ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሀኪም ቤት ትወስደዋለች፤ መኪናዋም ከደህናው ጊዜ የቀረችው የእሱ ናት። ዝናብ ሲመጣ በተቀደደው መስኮት ውሃው አንገቱ ላይ ይወርድበት ነበር። "ይኼን ለባለቤትዎ ብነግራቸው በነጋታው ላስቲኩን ይዘው መጡ። ከየት አገኙት ብላቸው ሚስቴ ናት የሰጠችሽ አሉኝ።"

"ሚስቴ ናት አለሽ?"

"አዎ! እኔማ አልወስድም፣ ከሰው ጠረጴዛ ላይ ተነስቶ እንዴት ይሆናል አልኳቸው። እሳቸውም፣ ሚስቴን አታውቂያትም፤ የለበሰችውን አውልቃ የምትሰጥ ሴት ናት። እኔ ባሏ ሳስበው ሳመነታ፣ ሽማግሌ በዝናብ እየራሰ ጠረጴዛ ምን ያደርግልናል ብላ ራሷ ጠቅልላ ሰጠችኝ አሉኝ። ሲናገሩ ደግሞ..." ሳቀች። "ስለ እኔ እንዲያ የሚያወራ ወንድ ካገኘሁ ነው የማገባው ብዬ ነበር።"

ምላጯ መዳፌን ወጋችኝ። እኔ ራሷ ጠቅልላ ስሰጥ! እኔ!

አባቷ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ደህናውን እጁን ዘረጋልኝ። ዓይኑ ግን ንቁ ነው። "የኋላ መቀመጫ ተጋድሜ ስሄድ አበባ ስቆጥር ነው የምደርሰው" አለኝ። "አንዷ ስድስት ቅጠል ናት።"

"እሷን ስሠራ ተናድጄ ነበር" አልኩት።

"በማን?"

"በባሌ።"

በግማሽ ከንፈሩ ሳቀ፣ እኔንም ሳላስበው አሳቀኝ። ከዚያ መረቀኝ፤ ረጅም ምርቃት። የሌላ ሰው ደብዳቤ ከፍቶ እንደሚያነብ ሰው ተሸማቅቄ አሜን አሜን አልኩ።

ስነሳ ልጅቷን "ጠንካራ ክርና መርፌ አለሽ? ከጥጉ ላይ የላላ ስፌት አይቻለሁ" አልኳት። አመጣችልኝ። ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኬ፣ ባሌ ተንበርክኮ በነበረበት ሁኔታ፣ የበጠስኳትን ክር ደርቤ ሰፋኋት። ልጅቷ ከላዬ ቆማ "እሳቸው እንዳሉት ኖት!" አለችኝ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ከሜክሲኮ እስከ ልደታ በእግሬ ስመለስ በባለመኪናዋ መቅናቴን ፈልጌ አጣሁት። ሌላ ቅናት ነበር ቦታውን የያዘው፣ የባሰ። ያቺ የለበሰችውን አውልቃ የምትሰጥ ሴት ማናት? አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ለእኔ አንድ ቀን ያላወራልኝ፣ ለማያውቃት ልጅ በሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚያወራላት! ስለ እሷ ሲናገር ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ልጅቷ አይታለች። እኔ አላየሁም።

ባለቤቴ ሥራ አልሄደም። ላስቲክ የሌለው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ያያል፤ ምላጯ መጉደሏን አውቋል።

"ቆረጥሽው?" አለኝ።

"ሦስት ክር። መልሼ ሰፋሁት።"

በረጅሙ ተነፈሰ። ምላጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። "ስለ እኔ ምን ብለህ ነው የነገርካት?"

ጆሮውን ማሸት ጀመረ። "ከሚስቴ ሰርቄ አመጣሁልሽ ልበላት?"

"እሱን አይደለም። የለበሰችውን አውልቃ የምትሰጥ ያልከውን ነው። ውሸታም!"

"እሱስ ውሸት አይደለም" አለኝ።

"መቼ ነው አውልቄ ስሰጥ ያየኸኝ?"

"አምና ክረምት። ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ። አንዲት ነፍሰ ጡር እየተንቀጠቀጠች ስትቆም ሹራብሽን ከላይሽ ላይ አውልቀሽ አለበስሻት፤ አንቺ በስስ ነጠላ ስትንቀጠቀጪ ተመለስሽ። ከሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሜ አይቼሻለሁ። እኔ እንኳ ለቤቴ ሰው የማላደርገውን ነው ያደረግሽ።"

"ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ለአንቺማ ምን ብዬ እነግርሻለሁ? አንቺው አይደለሽ እንዴ ያደረግሽው?"

ያቺን ሹራብ አስታወስኳት። አረንጓዴ ናት። የሠራቻት እህቱ ናት፤ "በምን ገመድ ታስረዋለች" ባለች ሰሞን እርቅ መሆኗ ነው፣ ጠቅልላ የሰጠችኝ። እሱ ልበሺ ልበሺ ስላለኝ ነበር የለበስኳት፤ ሰውነቴን ስትበላኝ ሰንብታለች። የዚያን ቀን ከቤት ስወጣ የት ጥያት ልመለስ እያልኩ ነው የወጣሁት። ያቺ ነፍሰ ጡር እዚያ ባትቆም ኖሮ የቀበሌው አጥር ላይ ነበር የምሰቅላት። ሴትየዋ ይብረዳት ይሙቃት ዞር ብዬም አላየሁ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል እያየኝ ነው። ልጅቷ ያየችውን ፊት አሁን እኔም አየሁት።

"በርዷት ነበራ" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን፤ የሹራቧን ነገር ሳልነግረው ቀበርኩት። አንድ ጊዜ አዲስ ላስቲክ አግኝቶ ቢያመጣ ይቅርብኝ አልኩት። ዳንቴሉ ዛሬም ራቁቱን ነው፤ ወጥ ሲንጠባጠብበት ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበዋለሁ። ቅናቴም አልለቀቀኝም። የምቀናው በዚያች ለነፍሰ ጡሯ አዝና ሹራቧን አውልቃ በሰጠችው ሴት ነው፤ ባሌ የወደደው እሷን ነበር። እኔ እሷ አለመሆኔን እንዳይነቃብኝ ስል፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት ሹራብ አውልቄ ሰጠሁ መሰላችሁ።